የ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካውያን ደብዳቤዎችና የእጅ ፊርማዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከፕሬዚዳንት ሊንከን፣ ከባርነት ተቃዋሚው ፍሬድሪክ ዳግላስ፣ ከጄኔራሉና ፕሬዚዳንቱ ግራንት፣ ከደራሲው ማርክ ትዌይንና ከዘመነኞቻቸው እጅ የወጡ ወረቀቶችን መሰብሰብ ለጀመሩና ለመጀመር ለሚያስቡ የተዘጋጀ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጨረታ ካታሎግ ላይ የማያቸው ምህጻረ ቃላት ምንድን ናቸው?

ሰነዱ ከሰውየው እጅ ምን ያህሉ እንደወጣ የሚነግሩት እነሱ ናቸው፤ ስለዚህ ከስሙ በፊት እነሱን ያንብቡ። ኤ.ኤል.ኤስ. የተባለ ደብዳቤ ከመጀመሪያው ቃል እስከ ፊርማው በፈራሚው በራሱ እጅ የተጻፈ ነው። ኤል.ኤስ. ከሆነ ጽሑፉ የቢሮ ጸሐፊው (የሴክሬታሪው) ነው፤ የታዋቂው ሰው ፊርማው ብቻ ነው። ዲ.ኤስ. ማለት የተፈረመበት ሰነድ ነው፦ የሹመት ወረቀት፣ ቼክ፣ ውል፣ የፍርድ ቤት ጽሑፍ። ኤ.ኤን.ኤስ. ደግሞ በፈራሚው በራሱ እጅ ተጽፎ የተፈረመ አጭር ማስታወሻ ነው። ሊንከን ለጉዳይ የመጡ ሰዎች ባቀረቡለት ማመልከቻ ጀርባ ላይ በአንድ ሁለት መስመር የጻፋቸው ትእዛዞች በዚህ ስም የሚሸጡበት ጊዜ አለ።

ፍራንክ የሚባለውም አለ። የኮንግረስ አባላትና ከፍተኛ ሹማምንት በፖስታው ላይ በመፈረም ያለ ክፍያ ደብዳቤ የመላክ መብት ነበራቸው፤ ይህ መብት በ1873 ተሰረዘ። ውስጡ የነበረው ደብዳቤ ጠፍቶ ፊርማ ያለበት ፖስታ ብቻ ሲቀር ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ለጀማሪ ጥሩ መነሻ ነው።

ከሁሉ የሚረክሰው ከደብዳቤ ግርጌ በመቀስ ተቆርጦ የወጣ ፊርማ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ ሰብሳቢዎች ስሙን ብቻ ፈልገው በሺህ የሚቆጠሩ ደብዳቤዎችን እንዲህ አበላሽተዋል። ዛሬም ለፍሬም እንዲመች የሚቆርጥ አለ። እባክዎ አይቁረጡ፤ የሚቆርጥ ነጋዴ ካዩም ከእሱ አይግዙ። ቀንና ተቀባይ የሌለው ፊርማ ታሪክ አይነግርም፤ እውነተኛነቱን ማረጋገጥም በጣም ይከብዳል።

በአነስተኛ ገንዘብ ከማን ልጀምር?

ከሊንከንና ከደራሲው ኤድጋር አለን ፖ አይጀምሩ። ውድ መሆናቸው ብቻ አይደለም፤ ሐሰተኛ ሠሪዎች አብዝተው ከደከሙባቸው እጆች ውስጥ ናቸው፤ ዓይኑ ያልሠለጠነ ገዢ ቶሎ የሚወድቀውም እዚያ ነው።

ገጣሚው ሎንግፌሎ ፊርማ ለሚጠይቀው ሰው መልስ በመስጠት ይታወቅ ነበር፤ በዚህ ምክንያት ፊርማው እስካሁን በብዛትና በረከሰ ዋጋ ይገኛል። ፕሬዚዳንት ሄይስና ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ «ኤክስኪዩቲቭ ማንሽን» (የኋይት ሐውስ የዚያን ጊዜ ስም) የሚል ጽሑፍ በታተመባቸው ትናንሽ ካርዶች ላይ ፈርመዋል፤ እነሱም ከደብዳቤ ጋር ሲነጻጸሩ የሚቻሉ ናቸው።

ፍሬድሪክ ዳግላስን ለሚፈልግ ብዙ ሰው የማያስበው መንገድ አለ። ዳግላስ ከ1877 እስከ 1881 የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ (የዋሽንግተን ከተማ) ማርሻል፣ ከ1881 እስከ 1886 ደግሞ እዚያው የንብረት ውሎች መዝጋቢ ሹም ነበር። በእነዚህ ዓመታት የተመዘገቡ የቤትና የመሬት ውሎች ጀርባቸው ላይ የእሱ ፊርማ ያለባቸው ይገኛሉ፤ ዋጋቸውም ስለ ባርነት ወይም ስለ ምርጫ መብት ከጻፈው ደብዳቤ በእጅጉ ያነሰ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ምክትል ወይም ጸሐፊ ስሙን የጻፈበት ሊኖር ስለሚችል ግን ከመግዛትዎ በፊት ፊርማውን ከተረጋገጡ ደብዳቤዎቹ ጋር ያስተያዩ።

የእኛ ምርጫ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ስሙ ያልታወቀ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (ከ1861 እስከ 1865 ሰሜንና ደቡብ የተዋጉበት) ወታደር ለቤተሰቡ የጻፈውን ደብዳቤ ይግዙ። የዘመኑን ወረቀት፣ ቀለም፣ አጣጠፍና የእጅ አጻጻፍ በትንሽ ወጪ ያስተምርዎታል። ስም ስለሌለው ፎርጅድ ሠሪ ብዙም አይደክምበትም፤ ይዘቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጄኔራል አጭር ማስታወሻ ይበልጣል። ከሰሜን ጦር አንድ፣ ከደቡብ ጦር አንድ ቢይዙ ልዩነቱን በእጅዎ ያዩታል፤ በደቡብ ወረቀት ስለጠፋ ከሒሳብ መዝገብ በተገነጠለ ገጽና በግድግዳ ወረቀት ጀርባ ላይ ሳይቀር ተጽፏል።

የአንድ ሰው ሁለት ደብዳቤዎች ዋጋ ለምን ይህን ያህል ይራራቃል?

ይዘትና ቀን ነው። «ግብዣዎ ደርሶኛል፤ መምጣት አልችልም» የሚል ደብዳቤና ስለ ውጊያ፣ ስለ ባሮች ነጻነት አዋጅ ወይም ስለ መጽሐፉ የሚያወሳ ደብዳቤ በአንድ እጅ ቢጻፉም በገበያ አይገናኙም።

ቀኑ ምን ያህል እንደሚለውጥ ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰንን ይመልከቱ። በማርች 4 ቀን 1841 ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በኤፕሪል 4 ሞተ። ጄኔራልና አገረ ገዢ ሳለ የፈረማቸው ብዙ ወረቀቶች አሉ፤ በዚያ አንድ ወር ውስጥ የፈረማቸው ግን ሀብታም ሰብሳቢዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚጠብቋቸው ናቸው። ጋርፊልድም በ1881 ሥልጣን በያዘ በአራተኛው ወር በጥይት ተመትቶ በሴፕቴምበር ስለሞተ በፕሬዚዳንትነቱ የጻፈው ጥቂት ነው። ሻጩ «ፕሬዚዳንት» ብሎ ሲጽፍ ሰነዱ በሥልጣን ዘመን የተፈረመ መሆኑን ከቀኑ ላይ ራስዎ ያረጋግጡ።

ፊርማው በባለቤቱ እጅ ሳይሆን በጸሐፊ የተፈረመ እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ?

በዚህ የሚታለለው ሰው በፎርጅድ ከሚታለለው ቢበዛ እንጂ አያንስም። ሰነዱ እውነተኛ፣ ዘመኑ ትክክል፣ ማኅተሙም የመንግሥት ሆኖ ፊርማው ግን የፕሬዚዳንቱ የማይሆንበት ጊዜ አለ።

ዋናው ምሳሌ የመሬት ሰነድ ነው። መንግሥት መሬት ለግለሰብ ሲያስተላልፍ የሚሰጠውን ሰነድ ፕሬዚዳንቶች ራሳቸው ይፈርሙ ነበር፤ ኮንግረስ በማርች 2 ቀን 1833 ባወጣው ሕግ ግን ፕሬዚዳንቱን ወክሎ የሚፈርም ጸሐፊ ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ በወጣ የመሬት ሰነድ ላይ የጃክሰን፣ የቫን ቢውረን ወይም የሊንከን ስም ቢኖር የጸሐፊ እጅ ነው። ብዙ ጊዜ ከስሙ ሥር የጸሐፊው ስም ይታያል፤ በሊንከን ዘመን ይህን ሥራ ከሠሩት አንዱ ዊልያም ስቶዳርድ ነው። እነዚህ ወረቀቶች ደስ የሚሉ የታሪክ ቅርሶች ናቸው፤ በፕሬዚዳንት ፊርማ ዋጋ ግን አይገዙም።

አንድሩ ጆንሰን ክንዱ ተጎድቶ ስለነበር በፕሬዚዳንትነቱ ለተራ ጉዳዮች ፊርማውን በማኅተም ያስመታ ነበር። የማኅተም ፊርማ በማጉያ ሲታይ የቀለሙ ውፍረት ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፤ ብዕር የጀመረበትና የተነሣበት ቦታ አይለይም። በጦርነቱ የደቡብ ፕሬዚዳንት የነበረውን የጄፈርሰን ዴቪስን ደብዳቤ የሚገዛ ደግሞ የዴቪስ ሚስት ቫሪና የእሱን ስም እንደምትፈርምለት ይወቅ፤ የሁለቱን እጅ ጎን ለጎን ሳያዩ አይክፈሉ።

ከቤተሰብ የወረስነው የሊንከን ደብዳቤ አለ። እውነተኛ ይሆን?

ለወይዘሮ ቢክስቢ የተጻፈው የኖቬምበር 21 ቀን 1864 ደብዳቤ ከሆነ፣ የያዙት በእርግጠኝነት ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ የኅትመት ግልባጭ ነው። ልጆቿን በጦርነቱ እንዳጣች ለተነገረላት እናት የተላከው ይህ የማጽናኛ ደብዳቤ ዋናው ቅጂ ጠፍቷል። ከ1890ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ግን ግልባጩ እየታተመ ተሸጧል፤ በአሜሪካ ቤቶች ግድግዳ ላይ ለብዙ ዓመት ተሰቅሎ ስለኖረ በየጊዜው «ዋናው ተገኘ» የሚል ሰው ይነሣል።

ሊንከን በጦርነቱ ወቅት ያደረገው የጌቲስበርግ ንግግርም እንዲሁ ነው። በሊንከን እጅ የተጻፉ የሚታወቁት አምስት ናቸው፤ ሁለቱ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ በኋይት ሐውስ፣ አንዱ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ በስፕሪንግፊልድ ኢሊኖይ ይገኛሉ። በ1885 የወጣው የግራንት ማስታወሻ መጽሐፍ መግቢያ ላይ በግራንት እጅ የተጻፈ የሚመስል የመታሰቢያ ቃል አለ፤ እሱም ታትሞ የወጣ ነው። የማርክ ትዌይን ሙሉ ሥራዎች ስብስብ ውስጥም የታተመ የእጅ ጽሑፉ ያለባቸው እትሞች ስላሉ ተጠንቅቀው ይዩ።

ለመለየት 10 እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ ይበቃል። የብረት ብዕር ወደ ታች ሲጫን ጫፉ ለሁለት ይከፈላል፤ በመስመሩ ሁለት ዳር ጠቆር ያለ ጠርዝ ይተዋል። ሁለት መስመሮች የሚቋረጡበት ቦታ ቀለሙ ይደራረባል፤ ይጠቁራል። በኅትመት ሁሉም ቦታ እኩል ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ሆኖ ይታያል። ወረቀቱን ገልብጠው በጎን በኩል ብርሃን ያብሩበት፤ ብዕር የተጫነበት ጽሑፍ ከጀርባው ብዙ ጊዜ ይታወቃል። በመጨረሻ ከታወቀው ግልባጭ ፎቶ ጋር ያስተያዩት። መስመር በመስመር፣ ፊደል በፊደል ከገጠመ ኅትመት ነው፤ ማንም ሰው አንድን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ፍጹም አንድ አድርጎ ጽፎ አያውቅም።

ሆን ተብሎ የተሠራ ፎርጅድስ?

ጀማሪ ፊርማውን ያያል፤ የቆየ ሰው ፊርማውን የሚያየው በመጨረሻ ነው። መጀመሪያ ጽሑፉን ይመርምሩ። ሰውየው በዚያ ቀን በዚያ ከተማ ነበረ? የጻፈለት ሰው በሕይወት ነበረ? ማዕረጉስ? ከ1901 በፊት የተጻፈ የፕሬዚዳንት ደብዳቤ ራስጌው ላይ «ኋይት ሐውስ» ተብሎ ከታተመ ይጠራጠሩ፤ እስከዚያ ድረስ የሚታተመው «ኤክስኪዩቲቭ ማንሽን» ነበር፤ ስሙን በይፋ የለወጠው ቴዎዶር ሩዝቬልት ነው።

የፖስታው አሠራርም ይመሰክራል። እስከ 1845 ድረስ ክፍያው የሚሰላው በርቀትና በወረቀቱ ብዛት ስለነበር ደብዳቤውን በሌላ ወረቀት ማሸግ ዋጋውን እጥፍ ያደርገው ነበር። ስለዚህ ሰው ወረቀቱን ራሱን አጣጥፎ በሰም ወይም በትንሽ ማጣበቂያ ያሽገዋል፤ አድራሻውን በውጩ በኩል ይጽፋል። እውነተኛ የ1830ዎቹ ደብዳቤ እሽጉ ሲከፈት የተቀደደ ትንሽ ቀዳዳ ይኖረዋል። መንግሥት ያወጣቸው የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች የተሸጡት በጁላይ 1847 ነው፤ ከ1856 መጀመሪያ ጀምሮ ቴምብር ግዴታ ሆነ። ለተራ ደብዳቤ በቅድሚያ የሚከፈለው ከ1851 ወዲህ 3 ሳንቲም፣ ከ1883 ወዲህ 2 ሳንቲም ነበር። ቀኑና ክፍያው ካልተገናኙ አንዱ ውሸት ነው።

ቀጥሎ ወረቀቱ። ከ1860ዎቹ መጨረሻ በፊት ወረቀት በብዛት የሚሠራው ከጨርቅ ነበር፤ እስካሁን ጠንካራና ለስላሳ ነው። ከእንጨት የተሠራው በኋላ መጥቶ በ1880ዎቹ ተስፋፋ፤ ቢጫ ይሆናል፤ ይሰበራል። በጨለማ ክፍል ውስጥ በአልትራቫዮሌት የእጅ ባትሪ ሲያበሩበት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ የሚደምቅ ወረቀት ከ1950 ገደማ ወዲህ የገባ ማንጫ ያለበት ነው፤ ምርመራው እዚያው አለቀ። ሐሰተኛ ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ከድሮ መጻሕፍት ባዶ ገጽ ይገነጥላሉ። የዘመኑ የደብዳቤ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ታጥፎ አራት ገጽ የሚሆን ነው፤ አንድ ጠርዙ ሻካራ የሆነ ነጠላ ቅጠል ካጋጠመዎ ጠርዙን በማጉያ ይዩት።

ቀለሙ ብዙ ይናገራል። የዘመኑ ቀለም የሚሠራው በኦክ ዛፍ ላይ ከሚወጣ እብጠት፣ ከብረት ሰልፌትና ከሙጫ ነበር። ሲጻፍ ፈዘዝ ይላል፤ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ቡናማ ይሆናል። በአሮጌ ወረቀት ላይ ዛሬ ሲጻፍ ግን ወረቀቱ ቀለም እንዳይሰርግ የሚከላከልለት ሽፋን በዕድሜ ስለላላ ቀለሙ ወደ ጎን ይሰርጋል፤ የፊደሎቹ ጠርዝ ጸጉር ያወጣል። ከሁሉ የምንወደው ምርመራ እጥፋቱ ነው። ሰው መጀመሪያ ይጽፋል፤ ከዚያ ያጥፋል። ቀለሙ በእጥፋቱ ላይ በተሰበሩት የወረቀት ክሮች ውስጥ ገብቶ ከተስፋፋ ወረቀቱ ታጥፎ ከኖረ በኋላ የተጻፈ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያልፍ ሐሰተኛ አይገኝም አይባልም። ፎርጅድ ሠሪው ማርክ ሆፍማን የብረት ቀለም በራሱ እየሠራ፣ በአሮጌ ወረቀት ላይ እየጻፈ፣ በኬሚካል እያስረጀ ለዓመታት ባለሙያዎችን አታልሏል፤ ሥራው የተጋለጠው በ1985 በሶልት ሌክ ሲቲ በቦምብ ሁለት ሰው ገድሎ ምርመራ ሲጀመር ነው። መርማሪዎቹ ቀለሙን በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ሙጫው በግድ በመድረቁ እንደ አዞ ቆዳ ተሰነጣጥቆ አገኙት። እሱ ከታሰረ በኋላም ሥራዎቹ በገበያ ላይ ነበሩ፤ በገጣሚዋ ኤሚሊ ዲክንሰን ስም የሠራው ግጥም በ1997 በጨረታ ተሸጦ የገዛው በትውልድ ከተማዋ ያለ ቤተ መጻሕፍት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ተጠራጥሮ አጣርቶ ገንዘቡን አስመለሰ።

የእጅ ጽሑፉ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሚፈልጉት የፊደሎቹን ቅርጽ ብቻ አይደለም፤ ፍጥነቱን ነው። የሚስል ሰው ቀስ ይላል፤ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ ብዕሩ ባልተለመደ ቦታ ይነሣል፤ መነሻና መድረሻው ድፍን ይሆናል። ሊንከን በደብዳቤ ላይ የመጀመሪያ ስሙን በአንድ ፊደል አሳጥሮ ይፈርማል፤ ሙሉ ስሙን የሚጽፈው በሹመት ወረቀትና በመሳሰለው የመንግሥት ሰነድ ላይ ነው። በደብዳቤ ላይ የሚፈርመው ፊርማው ቀጥ ባለ መስመር ላይ አይቀመጥም፤ የስሙ ፊደል፣ የአባቱ ስም መጀመሪያና መጨረሻው በሦስት ደረጃ ከፍ እያሉ ይሄዳሉ። በ1930ዎቹ ብዙ የሊንከንና የፖ ፎርጅድ ያሰራጨው ጆሴፍ ኮዚ በሊንከን ፊርማ ላይ ያመለጠው ይኸው ነው፤ የእሱ በአንድ መስመር ላይ ያርፋል።

ዓይኔን በምን ላሠልጥን?

እውነተኛውን በማየት። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሊንከንንና የዳግላስን ወረቀቶች በድረ ገጹ ላይ በነጻ አስቀምጧቸዋል፤ እያንዳንዱን ገጽ አጉልቶ ማየት ይቻላል። አንድ ሰው ይምረጡ፤ በተለያዩ ዓመታት የጻፋቸውን ደብዳቤዎች አስተካክለው በመደዳ ያስቀምጡ፤ እጁ በወጣትነት፣ በሥራ ብዛትና በሕመም ጊዜ እንዴት እንደሚለወጥ ያያሉ። በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ከዚህ የተሻለ ዕድል አለ። ዕድሜው 16 የሞላው ሰው በመታወቂያ በነጻ የአንባቢ ካርድ አውጥቶ በማዲሰን ሕንጻ ባለው የእጅ ጽሑፎች ንባብ ክፍል መቀመጥ ይችላል። ውድ የሆኑት በቅጂ ይቀርባሉ፤ ብዙ ሌሎች ወረቀቶች ግን ራሳቸው ይመጡልዎታል።

የማረጋገጫ ሰርተፊኬት ይበቃኛል?

አይበቃም። ሰርተፊኬት ዋጋው የሰጠውን ሰው ዕውቀት ያህል ነው፤ ራሱም ይታተማል። የሚጠይቁት ደረሰኝ ላይ የሰፈረ ዋስትና ነው፦ የሰነዱ ዝርዝር፣ «እውነተኛ ካልሆነ ሙሉ ገንዘቡ ይመለሳል» የሚል ቃል፣ የጊዜ ገደቡ፣ የሻጩ ስምና ፊርማ። ጥሩ ነጋዴ ገደብ አያደርግበትም፤ አንዳንድ አጫራቾች ግን የአቤቱታ ጊዜውን በጣም ያሳጥሩታል፤ ደንቡን ከመጫረትዎ በፊት ያንብቡ። በስፖርት ፊርማ የታወቀ ማረጋገጫ ድርጅት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደብዳቤ ላይ የግድ አዋቂ እንዳልሆነም ያስቡ።

ጨረታ ላይ ያሸነፍኩበት ዋጋ ነው የምከፍለው?

አይደለም። አጫራቹ ከገዢው ኮሚሽን ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ ነው። በ400 ዶላር አሸንፈው ኮሚሽኑ 25 በመቶ ከሆነ 500 ዶላር ሆነ፤ ግብር፣ መላኪያና ኢንሹራንስ ሲጨመር ከዚያም ያልፋል። ከላይ ወደ ታች ያስሉ፦ ጠቅላላ ልከፍል የምችለው ስንት ነው? መጀመሪያ ግብሩን፣ መላኪያውንና ኢንሹራንሱን ቀንሰው፣ ኮሚሽኑ 25 በመቶ ከሆነ ቀሪውን ለ1.25 አካፍለው የሚደርሱበት ቁጥር የመጨረሻ ጥሪዎ ይሁን።

የገዛሁት ወረቀት የተሰረቀ ቢሆንስ?

ይወሰድብዎታል፤ በቅንነት መግዛትዎ ባለቤት አያደርግዎትም። በኤፕሪል 1865 አንድ የሰሜን ወታደር ከሰሜን ካሮላይና ምክር ቤት የወሰደው የመብቶች ድንጋጌ (የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያዎች) ቅጂ በ2003 በፊላደልፊያ ሊሸጥ ሲል ኤፍ.ቢ.አይ. ይዞታል፤ 138 ዓመት አልፎ ግዛቲቱ ንብረቷን መለሰች። በ2011 ደግሞ አንድ በፕሬዚዳንቶች ቅርስ ሰብሳቢነት የታወቀ ሰው በባልቲሞር የታሪክ ማኅበር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሰርቅ ተይዞ በሺህ የሚቆጠሩ ወረቀቶች ቤቱ ተገኙ፤ ሰባት ዓመት ተፈረደበት።

ስለዚህ የተፋቀ ማኅተም፣ በእርሳስ የተጻፈ የመደርደሪያ ቁጥር፣ የተቆረጠ ጥግ፣ ከመዝገብ የተገነጠለበት ቀዳዳ ካዩ ይጠይቁ። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የተላከ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ መዝገብ እንዴት እንደወጣ ሻጩ ማስረዳት አለበት። ለግለሰብ የተላከ ከሆነ ጥያቄው ይቀላል፤ ከቤተሰቡ ወደ ማን እንደሄደ የሚያሳይ ደረሰኝ ወይም የቀድሞ ካታሎግ ገጽ ይጠይቁ፤ ከሰነዱ ጋርም ለዘለዓለም ያቆዩት።

እንዴት ላስቀምጠው?

ዝርግ አድርገው፣ ከአሲድ ነጻ በሆነ ፎልደር ውስጥ፣ ከአሲድ ነጻ በሆነ ሳጥን። እንዲታይ ከፈለጉ የፖሊስተር ከረጢት ይጠቀሙ፤ የሚሸተው የፒ.ቪ.ሲ. ፕላስቲክ ግን ቀለም ይነቅላል። ሙቀቱ ከ21 ዲግሪ ሴልሺየስ ባይበልጥ፣ እርጥበቱ ከ35 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ የሚጎዳው መዋዠቁ ነው፤ ጣሪያ ሥርና ምድር ቤት አይሆኑም። የብረት ቀለም እርጥበት ሲያገኝ ወረቀቱን ይበላዋል፤ ፊደሎቹ ተበጣጥሰው እስኪወድቁ ድረስ። በዚህ ምክንያት እንዲህ ያለ ደብዳቤ በውኃ አይታጠብም፤ በእንፋሎት አይዘረጋም።

ጓንት አያስፈልግም። በጨርቅ ጓንት ጣት አይሰማም፤ ጠርዝ ይቀደዳል። እጅዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁ፤ አጠገብዎ ከእርሳስ በቀር ብዕር አይኑር።

ግድግዳ ላይ መስቀል እችላለሁ?

ቅጂውን ይስቀሉ። ጥሩ ስካን ታትሞ በፍሬም ሲገባ ከሁለት ክንድ ርቀት ማንም አይለየውም። ዋናው የግድ መታየት ካለበት ከ50 ሉክስ በማይበልጥ ብርሃን፣ አልትራቫዮሌት በሚከለክል መስታወት፣ ወረቀቱ መስታወቱን ሳይነካ፣ ለጥቂት ወራት ብቻ ይሁን። በብራና ላይ የተጻፉ የሹመት ወረቀቶች ላይ ፊርማው ነጥቶ የጠፋባቸው ብዙዎቹ ለዓመታት በመስኮት ፊት የተሰቀሉ ናቸው።

የተቀደደውን በፕላስተር ልለጥፈው? ላሚኔት ላስደርገው?

በፍጹም። ማጣበቂያው ወደ ወረቀቱ ሰርጎ ቡናማ እድፍ ይሆናል፤ ላሚኔት የተደረገ ደግሞ ለማላቀቅ ከደብዳቤው ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ድሮ የተለጠፈበት ከሆነም አይላጡት፤ የወረቀት ጥገና ባለሙያ ያሳዩት።

አጻጻፉን ማንበብ አቃተኝ።

ከሚያውቁት ቃል ይጀምሩ፤ ከቀኑ፣ ከከተማው፣ ከመዝጊያው ሰላምታ። ከእነሱ የሰውየውን ፊደል አንድ በአንድ ይሰብስቡ። ሦስት ምህጻረ ቃላት ብዙ ሰው ያሳስታሉ፦ «ኢንስት» በያዝነው ወር፣ «ኡልት» ባለፈው ወር፣ «ፕሮክስ» በሚመጣው ወር ማለት ነው። «የ14 ኡልት ደብዳቤዎ» የሚል በማርች የተጻፈ ወረቀት የሚያወራው ስለ ፌብሩዋሪ 14 ነው። ገጹ ከሞላ በኋላ ወረቀቱን አዙሮ በላዩ ላይ አቋርጦ የሚጽፍም አለ፤ ይህ ወረቀትና የፖስታ ክፍያ ለመቆጠብ ነበር። ስካን አድርገው ምስሉን በኮምፒውተር እያዞሩ አንዱን አቅጣጫ ብቻ ያንብቡ።

ደብዳቤውን በኢንተርኔት ላይ ማውጣት እችላለሁ?

ወረቀቱ የእርስዎ ነው፤ የቃላቱ የቅጂ መብት ግን የጸሐፊው ወራሾች ነው። በአሜሪካ ሕግ ያልታተመ ጽሑፍ ጸሐፊው ከሞተ 70 ዓመት ሲያልፍ ነጻ ስለሚሆን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ደብዳቤ በአብዛኛው አያሳስብም። አንድ ወጥመድ አለ፦ በመብቱ ባለቤት ፈቃድ ከ1978 እስከ 2002 ባለው ጊዜ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመ ደብዳቤ እስከ 2047 መጨረሻ ድረስ የተጠበቀ ነው። የማርክ ትዌይን ደብዳቤዎች ላይ ይህን ይመልከቱ።

ኢትዮጵያን የሚመለከት የዘመኑ የአሜሪካውያን ደብዳቤ ይገኛል?

ይገኛል፤ የሚፈልገው ሰው ግን ጥቂት ነው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የግብጹ ከዲቭ (የአገሪቱ ገዢ) ኢስማኢል ከሰሜንም ከደቡብም ወደ 50 የሚጠጉ የጦር መኮንኖችን ቀጠረ። በማርች 1876 በጉራዕ ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጦር ጋር በተዋጋው የግብጽ ሠራዊት ውስጥ ከእነሱ መካከል ብዙዎቹ ነበሩ። አንድ እጁን በሜክሲኮ ጦርነት ያጣው ጄኔራል ዊልያም ሎሪንግ ከሠራዊቱ ከፍተኛ መኮንኖች አንዱ ነበር፤ በአሜሪካው ጦርነት ለደቡብ የቪክስበርግን ምሽግ የነደፈው ሳሙኤል ሎኬት በመሐንዲስነት፣ ከሰሜኑ ወገን ዊልያም ዳይም አብረው ዘምተዋል። ካይሮ ሆኖ ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም የነበረው ቻርልስ ስቶን በኋላ የነጻነት ሐውልትን መሠረት የሠራው መሐንዲስ ነው።

እነዚህ ሰዎች ለቤተሰባቸው ጽፈዋል፤ የሎኬት ወረቀቶች በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። በገበያ ላይ የሎሪንግ ደብዳቤዎች ብቅ ይላሉ፤ ዋጋቸውን የሚወስነው የደቡብ ጄኔራልነቱ ስለሆነ ከ1870 እስከ 1879 ከግብጽ የጻፋቸው ለእኛ ያላቸውን ክብደት ሻጩ ላያውቅ ይችላል። ሲፈልጉ «ኢትዮጵያ» ብለው ብቻ አይፈልጉ። በካታሎጎቹ ላይ የሚገኘው «አቢሲኒያ»፣ «ምጽዋ»፣ «ከዲቭ» እና «የግብጽ ጦር» በሚሉት ነው፤ የቦታ ስሞቹን አጻጻፍ መኮንኖቹ እንደሰሙት ስለሚለዋውጡት ጉራዕንም ምጽዋንም በሁለት በሦስት ዓይነት ፊደል አቀያይረው ይሞክሩ። የደብዳቤው ራስጌ ካይሮ ቢል እንኳ ቀኑ ከ1875 መጨረሻ እስከ 1876 ክረምት ከሆነ ሙሉውን ጽሑፍ የሚያሳይ ፎቶ ሻጩን ይጠይቁ።